ሁለት ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት

በዛሬው ዝግጅታችን ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ከየኩሬው ድምጿን ስለምንሰማት እንቁራሪትና ስለ ዘመዶቿ እናወጋለን።

የእንስሳት ተመራማሪዎች እነዚህን ፍጥረታት «አምፊቢያን» ይሏቸዋል። ቃሉ የመጣው ከጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ነው። «አምፊ» ሁለቱም ወገን፣ «ቢዮስ» ደግሞ ሕይወት ማለት ነው። ሲጣመሩ «ሁለት ዓይነት ሕይወት ያለው» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። በዐረብኛ «በርማኢያት» ይባላሉ፤ «በር» የብስ፣ «ማእ» ውኃ ነውና ይህም ስም ሁለቱን መኖሪያቸውን ይነግረናል።

ታዲያ አዞም በውኃና በየብስ ይኖራል፤ አምፊቢያን ነው ማለት ነውን? አይደለም። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. አዞን፣ እባብንና እንሽላሊትን ከእንቁራሪት ጋር በዚሁ ስም መድቧቸው ነበር። ኋላ የመጡ ምሁራን ግን ለያይተዋቸዋል። አዞ ከእንቁላሉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ቆዳውም ቅርፊታም ነው። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ግን ልባጭ የሌለው ዝልግልግ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይጥላሉ። የሚፈለፈለው ልጅ ጅራት እንጂ እግር የለውም፤ እንደ ዓሣ በስንጥቡ ይተነፍሳል። ቀስ በቀስ እግር ያወጣል፣ ሳንባው ያድጋል፣ ጅራቱ ይከስማል፤ ከዚያም ወደ የብስ ይወጣል። ሁለት ሕይወት የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ዛሬ የሚታወቁት ዝርያዎች ከ8,000 በላይ ሲሆኑ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። እነርሱም እንቁራሪትና ጉርጥ፣ እንሽላሊት የሚመስለው ሳላማንደር፣ እንዲሁም እግር የሌላቸውና ትል የሚመስሉት ናቸው። ሳላማንደር በሀገራችን የለም። በአንጻሩ ከባሌ ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም የማይገኙ እንቁራሪቶች አሉን።

እንቁራሪት ውኃ የምትወስደው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ ነው፤ አየርም በቆዳዋ ይገባል። በዚህም ምክንያት በኩሬው ውስጥ የተጨመረ መርዝ በቀላሉ ሰውነቷ ውስጥ ይሰርጋል። ውኃው ቢበከል ልጆቿ፣ ጫካው ቢመነጠር እርሷ ትጠፋለች። ሁለት ቤት ያለው ሁለት ስጋት አለበት። ቆዳን የሚያጠቃ ፈንገስም ብዙዎቹን ፈጅቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት መሠረት ከአምስት የአምፊቢያን ዝርያዎች ሁለቱ ያህል የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል።

ውድ ወላጆች! አንድ ሐኪም እንቁራሪትን ለመድኃኒት ስለማዋል በጠየቃቸው ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መግደሏን እንደከለከሉ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ለመድኃኒት እንኳ ከተከለከለ ለጨዋታ ሲሆን ምን ሊባል ነው? ልጆቻችን እንቁራሪትን በድንጋይ ሲያሳድዱ ስናይ ዝም አንበል። ትንኝና ዝንብ እየለቀመች የምትበላ ጎረቤታችን መሆኗን እናስረዳቸው። የተረፈ የፀረ ተባይ መድኃኒትም ወደ ኩሬና ወደ ወንዝ አንድፋ። የእርሷ ውኃ የእኛም ውኃ ነውና።