ከፉሪ እስከ ፊንጫ ሀበራ፦ ከፍታ ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በወይብ ወንዝ ሸለቆ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። አፉ ላይ ቆሞ ለሚያየው እረኞች ከብት የሚያስጠልሉበት ተራ ዋሻ ነው። ወለሉ ሲቆፈር ግን ምድጃ፣ ከሰል፣ የባልጩት መሣሪያና የተቃጠለ አጥንት ተደራርቦ ተገኘ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ በዋሻው ሰዎች የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት ብዙ ተመራማሪዎች የሰው ልጅ ይህን ያህል ከፍ ያለ ተራራ ላይ መኖር የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ምግቡ ጥቂት በሆነበት ቦታ ማን ይኖራል?

ዛሬ ወደዚህ ዋሻ የሚደረሰው በእግር ነው። ከዲንሾ ተነሥቶ ወይብን ሽቅብ መከተል፣ ጓዝን በፈረስ አስጭኖ ከዋሻው አልፎ እስከ ሳነቲ አምባ ለብዙ ቀናት መጓዝ ይቻላል። እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም ይህን ጉዞ የሚያስቡ ሰዎች እየበዙ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ከጀሞና ከለቡ ተሰባስበው ወደ ፉሪ ተራራ የሚወጡ ወጣቶች፣ ትንሽ ሲለማመዱ ዓይናቸው ወደ ባሌ ያማትራል። ደስ የሚል ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ከአፋቸው የምሰማው አንድ አባባል ግን ያሳስበኛል፦ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?»

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የእኛ ክፍለ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው መጠን ያንሳል። ከመላው ዓለም መንገደኛ የሚጎርፍበት፣ በፔሩ የሚገኘው የማቹ ፒቹ ፍርስራሽ 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ የእንጦጦ ማርያም ምእመናን ከዚያ እጅግ ከፍ ባለ ቦታ ያስቀድሳሉ። ስለዚህ ከጀሞ የተነሣ ሰው፣ ከጅቡቲ ወይም ከለንደን በቀጥታ ከመጣው ይልቅ ሰውነቱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ይህን በመካከለኛ ከፍታ ላይ ቀናት አሳልፈው ወደ ላይ በወጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያረጋግጣሉ።

ግማሹ ስሕተት ከ3,000 ሜትር በላይ ይጀምራል። ፊንጫ ሀበራ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 65 በመቶ፣ ሳነቲ ላይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባ የሰጠችን ዝግጅት ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚበቃ ነው።

ሰውነት ለዚህ ስስ አየር የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ ነው። ይህ ኦክስጅን ሲያስገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከልክ በላይ ያስወጣል፤ ደሙም ወደ አልካሊነት ያዘነብላል። ይህ የደም ለውጥ መልሶ ትንፋሽን ስለሚገታ፣ በተለይ ሌሊት እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ጥልቅ ይሆንና ቀስ እያለ ለጥቂት ሰኮንዶች ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ሰውየው በድንገት አየር እየሳበ ይባንናል። ድንኳን ውስጥ አጠገቡ የተኛ ጓደኛ ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም። የሚያስተካክለው ኩላሊት ነው፤ የተረፈውን ባይካርቦኔት በሽንት እያስወጣ ደሙን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሽንት መመላለሱ የዚህ ሥራ ምልክት ስለሆነ፣ ብርዱን ፈርቶ ውሃ መጠጣት ማቆም ትልቅ ጥፋት ነው። አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ ለማምረት የሚያዘው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ምርቱ ግን ሳምንታት ይወስዳል። የአንድ ሳምንት ተጓዥ ከዚያ ብዙም አይጠቀምም።

«የደጋ ሰዎች ነን» የሚለው አባባል መሠረት የሚያገኘው ከሌላ ጥናት ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15 ግራም፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ቁጥር ነው። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደማቸውን በሄሞግሎቢን አወፍረው፣ ቲቤታውያን ደግሞ ዝቅ ያለ የኦክስጅን ሙሌት ተሸክመው ይኖራሉ። የእኛዎቹ ሦስተኛ መንገድ ያላቸው መሆናቸው ዓለምን ያስደነቀ ግኝት ነበር። በኋላ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች በአማራና በኦሮሞ ደገኞች መካከል እንኳ ልዩነት እንዳለ አሳይተዋል፤ ሁለቱ ሕዝቦች በከፍታ ላይ የቆዩበት ዘመን የተለያየ መሆኑ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል።

ነገር ግን እነዚያ 236 ሰዎች ዕድሜያቸውን እዚያው የኖሩ ናቸው። አያቱ ከደባርቅ የመጡ የለቡ ልጅ ከእነሱ የወረሰው ነገር ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ዘልሎ እንዲተኛ ዋስትና የሚሆነው ግን አይደለም። ጡንቻና ስፖርትም አይከላከልለትም። የከፍታ ሕመም በየቀኑ የሚሮጠውን ጎልማሳም ይጥላል፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚወጣ ሊብስበት ይችላል።

በሕክምናው ዘርፍ የተለመደው መመሪያ የሚመለከተው የመኝታን ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ ቀን ከፍታ ሳይጨምሩ ማደር ይመከራል። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ለመኝታ መውረድ ችግር የለውም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ቀን ዲንሾ ማደር ማለት ወደ 900 ሜትር መዝለል ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ዶዶላ ወይም አዳባ አድሮ በማግስቱ ዲንሾ መግባት፣ ዲንሾም ሁለት ሌሊት መቆየት የተሻለ ነው። የጉዞ አስተባባሪዎች ይህን «ቀን ማባከን» ይሉታል። እኔ በጉዞው ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ቦታ የሚውል አለ ብዬ አላምንም።

እግርም የራሱ ሳይንስ አለው። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ በማግስቱ ጭኑን ይዞ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ግን በቁልቁለቱ ምክንያት ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይገታል፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ በጡንቻ ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፤ ለብዙ ቀናት ጉዞ እጅግ መጥፎ ሰዓት ነው። ደግነቱ ጡንቻ ይማራል። አንድ ጊዜ በቁልቁለት የታመመ ጡንቻ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ያህል ለተመሳሳይ ሥራ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ለእኛ ሰፈር ሰው ፉሪ ትልቅ ሀብት ነው። ከጀሞ ሰፈሮች በግማሽ ኪሎሜትር ገደማ ከፍ የሚለውን ይህን ተራራ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መውጣት፣ በተለይም ሲወርዱ ሳይሮጡ ጉልበትን ትንሽ አጠፍ አድርጎ መውረድ፣ ባሌ ላይ ሦስተኛውን ቀን ያድናል።

የቡድን ጉዞ አደጋውም ጥቅሙም ቡድን መሆኑ ላይ ነው። አንድ ሰው ራሱን ሲያመው «ይተወኛል» ብሎ ይደብቃል፤ ሌሎቹን ማስቀረት ያሳፍረዋል። ፊተኛው ይቸኩላል፤ የኋለኛው ከተቀመጡት ጋር ሲደርስ እነሱ ዐርፈው ይነሣሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይቀጥላል። ልምድ ያላቸው መሪዎች ዘገምተኛውን ከፊት የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው። የፍጥነቱ ልክ ሰው ሳያለከልክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስከቻለ ድረስ ነው። ማታ ማታ ከወሬው መሐል እያንዳንዱን መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ራስህን ያምሃል? ምግብ ይበላልሃል? ማቅለሽለሽ አለ? ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ የገባችውን ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ የሚይዙ ቡድኖች አሉ። ጠቃሚ ናት፤ ግን በብርድ የደነዘዘ ጣት ላይ የምታሳየው ቁጥር አይታመንም፣ እጅን በብብት ውስጥ አሙቆ መለካት ያሻል። እዚያ ከፍታ ላይ ከ90 በታች ማየት ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም ተረከዝን ከጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው ሰው ነው። የመጀመሪያው ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መቋጠሩን፣ ሁለተኛው አንጎል ማበጡን ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ፤ የሁለቱም ዋና መድኃኒት ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው።

ስለ ስንቅ ጥቂት ልበል። ዋሻው ባለበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ምስር ቢጥዱ ለመብሰል ከተለመደው እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል፤ ማገዶውና ጋዙም ያልቃል። አስቀድሞ የተቆላና የተፈጨው ሽሮ ግን እዚያም ይሆናል። በሶም እንዲሁ። ሰውነት በአንድ ሊትር ኦክስጅን ከስብ ይልቅ ከገብስና ከስንዴ ከሚገኘው ስታርች ጥቂት ከፍ ያለ ጉልበት ያገኛል፤ ኦክስጅን በተወደደበት ቦታ ይህ ትንሽ ልዩነት ዋጋ አለው። የአርሲና የባሌ ሰው ገብስን ከቅቤ አዋሕዶ የሚሠራው ጭኮ ደግሞ ሁለቱንም በትንሽ ክብደት ይይዛል፤ የምግብ ፍላጎት በጠፋበት ሰዓት እንኳ ጥቂት ጉርሻ ይበቃል።

የዋሻው የጥንት ነዋሪዎችስ ምን በሉ? በምድጃዎቹ አካባቢ ከተገኘው አጥንት አብዛኛው የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ዛሬም ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው፣ ኪሎ ሊሞላ የሚችለው ያው ፍልፈል። ሰዎቹ እሳት ላይ ጠብሰውታል። የባልጩት ድንጋያቸውን የሚያመጡት ከዋሻው ብዙ ከፍ ብሎ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ሸንተረር ነው። ዘመኑ የበረዶ ዘመን ስለነበር የባሌ አናት በበረዶ ክምር ተሸፍኖ ነበር፤ ከሱ የሚቀልጠው ውሃ ወደ ሸለቆው ይወርድ ነበር። ምግብ፣ ውሃና የመሣሪያ ድንጋይ በአንድ አካባቢ ተገኝቷል ማለት ነው። የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊትም ተገኝቷል፤ ሰጎን የቆላ ወፍ ናት፤ ስለዚህ ከቆላው ጋር ግንኙነት ነበራቸው። የእኛ መንገደኛ አንድ ሌሊት ራሱን ይዞ በሚያድርበት ከፍታ እነዚህ ሰዎች እየተመላለሱ ለረጅም ጊዜ ኖረውበታል።

ባሌ ለራቀበት ወይም ኪሱ ለማይፈቅድለት ሰው ሌላ መንገድ አለ። ከለቡ ወጥቶ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ቢይዝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎሜትር ላይ መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። አዋሽ ገደሉን እየቆረጠ ያጋለጠው ይህ ቦታ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ከአቅራቢያው የባልጩት መገኛ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ የተገኘ የሕፃን መንጋጋ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለውና የሆሞ ኢሬክተስ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከ700,000 ዓመት በፊት ጭቃ ላይ የቀሩ የትንንሽ ልጆች ዱካዎችም አሉ። ከዚያ ወደ አዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያንና ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች መቀጠል ይቻላል፤ ከፍታው ስለማይከብድ ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

ፊንጫ ሀበራ ለሚደርሱ ግን አንድ ልመና አለኝ። ብርዱ ሲጠና ዋሻው ውስጥ እሳት ማንደድ ያጓጓል። የዋሻው ዕድሜ የተለካው በአብዛኛው ከከሰል ውስጥ በሚገኘው ራዲዮካርበን ነው፤ የዛሬ ከሰል በእግር ተረግጦ ከጥንቱ ጋር ሲቀላቀል ቀጣዩ ቁፋሮ የሚያወጣው ቁጥር ይዛባል። መሬት ላይ የባልጩት ስባሪ ቢያዩም አያንሡት፤ የተቀመጠበት ንብርብር ከድንጋዩ እኩል መረጃ ነው። ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውን ለፓርኩ አስጎብኚ ነግረው፣ ድንኳንዎን ከዋሻው ውጭ፣ ነፋስ በማይመታው ጥግ ይትከሉ።