የእንጦጦ የእግር መንገድ በአራቱ ወቅቶች

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ተጋድሞ የሚገኝ ሰንሰለታማ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ የሚወጣው የእግር መንገድ ለተማሪ እንግዳ አይደለም፤ አንዳንዶቻችን ከፈተና በኋላ ነፋስ ለመቀበል፥ ሌሎቻችንም ለጠበል ወይም ለንግሥ ወጥተንበታል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም ጎብኚው በዝቷል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ተራራውን የሚያውቀው ሰማይ በጠራበት ወራት ብቻ ነው። እኛ ይህንኑ አንድ መንገድ በአራቱም ወቅቶች ደጋግመን ሄደንበታል። ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት የምንሞክረው፥ የአንድ ደን ጤንነት በአንድ ወቅት ጉብኝት ሊፈረድ የማይቻል መሆኑን ነው። በእንጦጦም ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከታች ያለውን ከተማ ውሃና ጎርፍ የሚነካ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው አቀማመጥ ጥቂት መናገር ይገባል። የእንጦጦ ሸንተረር የሁለት ታላላቅ ወንዞችን ውሃ የሚለያይ ድንበር ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በቀበናና በሌሎቹ የከተማይቱ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ በሸንተረሩ ላይ ቆሞ ዝናብ ያገኘው ሰው፥ ከአንዱ ትከሻው የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ አፋር፥ ከሌላው የሚንጠባጠበው ወደ ግብጽ ይሄዳል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ስለ ወቅቶቹ አከፋፈል የምንከተለው የቤተ ክርስቲያንን አቆጣጠር ነው። ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ፀደይ ወይም በልግ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። (ፀደይ የአበባ ወቅት ነው ሲባል በመስማት አደይ አበባን የፀደይ አበባ የሚሏት ብዙዎች ናቸው። ይህ የፈረንጆችን ወቅት በእኛ ስም ከመጥራት የመጣ ይመስለናል። አደይ የምትፈነዳው በመስከረም፥ በአቆጣጠሩ ገና ክረምት ሳይወጣ ነው።)

በክረምት መንገዱ መንገድነቱ ይቀርና ፈሳሽ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ከፍተኛው ድርሻ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እርጥቡ ነፋስ ከደጋው ጋር ሲገናኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን እንፋሎት መያዝ ያቅተዋል። ደመናው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጠቁር፥ በማለዳ ወጥቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ መመለስ ይበጃል። ጃንጥላ በነፋሱ ብርታት ምክንያት እምብዛም አያገለግልም፤ ከሁሉ የሚሻለው የእረኞቹ ገሳ ነው።

ተመራማሪ ሊያየው የሚገባው ዋና ነገር ግን የሚታየው በዚህ በማይመቸው ወቅት ነው። መንገዱ በባሕር ዛፍ ውስጥ በሚያልፍበት ስፍራ የመሬቱ ገጽ በአብዛኛው ገላጣ ነው። ዝናቡ በረጃጅሞቹ ዛፎች ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ ትልልቅ ጠብታ ሆኖ ሲወድቅ አፈሩን ይፈነቅለዋል። የተፈነቀለውም አፈር የውሃ መግቢያዎቹን ቀዳዳዎች ስለሚደፍናቸው ውሃው መስረጉን ትቶ ይሮጣል፤ በቀጭን ቦይ ጀምሮ ዝቅ ሲል ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር ይቆፍራል። ቀለሙ ቀይ ነው። በዚያው ሰዓት ወደ እንጦጦ ማርያም ወይም ወደ ራጉኤል ቅጥር ግቢ ዘልቆ፥ ያረጁ የሐበሻ ጥዶችና ወይራዎች ባሉበት የቆመ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ከዛፎቹ ሥር ሣርና ሽበት አለ፤ የበሰበሰው ቅጠል ሲረግጡት ይለመልማል፥ ውሃውንም ይመጠዋል። ከግቢው የሚወጣው ውሃ ጥቂት ነው፥ ያውም የጠራ። ዝናቡ አንድ፥ ተዳፋቱም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፥ ልዩነቱን ያመጣው መሬቱ የለበሰው ልብስ ነው። በቀበና ዳር ቤት የሠራ ሰው በነሐሴ ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ከዚሁ ከገላጣው መሬት ይጀምራል።

መስከረም 1 ቀን የቅዱስ ራጉኤል ንግሥ ስለሆነ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ አደይ ግን በመስኩና በእርሻው ዳር ወጥታለች። በጥቅጥቁ ባሕር ዛፍ ውስጥ ፈልገን ያገኘናት እምብዛም ነው። መፀው ከገባ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፥ አየሩ ይደርቃል፤ ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ከጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የተመለከተ ከተማይቱን ሁሉ፥ በጥሩ ቀንም የዝቋላን ተራራ ያያል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም በዚህ ጊዜ ገብተዋል። ቢሆንም ሌሊቱ ብርቱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሣሩ ላይ ውርጭ ይገኛል። ምክንያቱም ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚመልስላት ክዳን ስለማይኖር ነው። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ስትቆይ ውርጩ ይቀልጣል፥ ጦስኙም ይሸታል።

በበጋ መንገዱ አቧራ ነው። ከባሕር ዛፉ የተገፈፈው ቅርፊትና የረገፈው ቅጠል በእግር ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው እሳት ቶሎ ይይዘዋል፥ መበስበስ ግን ይዘገያል። እንግዲህ ቅጠሉ ይህን ያህል ከረገፈ መሬቱ በክረምት ስለ ምን ገላጣ ሆነ? መልሱ ከላይ እየወረደ መጥቶ በመንገዱ ላይ ያልፈናል። ይኸውም በጀርባቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም ተሸክመው፥ ጎንበስ ብለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ጭራሮ ብቻ አይደለም የሚሸከሙት፤ ቅጠሉንም ጠርገው በጆንያ ይወስዱታል። ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ የሚፈለግ ማገዶ ነው። አንዲት እናት፥ «ልጆቼ» እያሉ፥ በክረምት እንጨቱ ርጥብ ሆኖ እንደሚከብዳቸው፥ በበጋ ግን ሸክሙ ሲቀል የሚሸከመው ሰው እንደሚበዛና ዋጋው እንደሚወድቅ አስረዱን። ስለዚህ በየካቲት የተጠረገው ቅጠል ነው በሐምሌ መሬቱን ገላጣ ሆኖ እንዲገኝ የሚያደርገው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፥ ሌላ አያስበቅልም የሚለው ክስ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በዛፉ ላይ መጫን የመጥረጊያውን ድርሻ መርሳት ነው።

ደግሞም ዛፉ ባለውለታ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ስላለቀ፥ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ፥ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው በማቆጥቆጡ ከተማይቱን በቦታዋ አጸናት። በመንገዱ ዳር የሚታዩት ክብና አመድማ ቅጠል ያላቸው ቁጥቋጦዎች ሌላ ዓይነት ዛፍ የሚመስሏቸው አሉ፤ የዚሁ የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋዎች ናቸው፥ ሲጎለምሱ ቅጠላቸው እንደ ማጭድ ይረዝማል።

ስለ በልግ ብዙ የምንለው የለንም። በእንጦጦ የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት ይቀራል፤ ሲመጣ አቧራውን ያበርዳል፥ ቀጋውም ያብባል።

ዛሬ በተራራው ላይ አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ ሥራ ተጀምሯል። ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በዚሁ ተራራ ምዕራባዊ ወገን ይገኛል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። ሥራው መልካም ነው። እኛ የምንጨነቀው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ባሕር ዛፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢነሣ ጥዱ እስኪደርስ ድረስ ተዳፋቱ በሐምሌ ፊት ራቁቱን ይቆማል፥ ሸክም ተሸክመው የሚያድሩትም እናቶች የሚበሉት ያጣሉ። ስለዚህ በክፍል በክፍል ቢተካ፥ ቢያንስ በየቦረቦሩ አፋፍ ያለው ቅጠል ሳይጠረግ እንዲቀር ከሴቶቹ ጋር ስምምነት ቢደረግ፥ ለነርሱም ሌላ መተዳደሪያ አስቀድሞ ቢታሰብ ይሻላል እንላለን። ሁለተኛው፥ ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ፥ ፎቶግራፍ የሚነሣውም በሐምሌ መሆኑ ነው። ጥድ በሐምሌ አይሞትም። የሚሞተው ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመታው፥ የካቲት ላይ ውሃ ሲያጣና ከብት ሲረግጠው ነው። ስለዚህ ከየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ በኋላ ባለው ቅዳሜ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ችግኞች ለመቁጠር አስበናል። መነሻው ሽሮ ሜዳ፥ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ መከታ ያለው ጫማ፥ ውሃና እርሳስ የያዘ ሁሉ ሊከተለን ይችላል።