ሥዕሉን ገልብጦ ማየት

የጥንት ሠዓሊዎች ባለ መዝጊያ ሥዕለ አድኅኖ ሲሠሩ የሚመርጡት ወይራና ዋንዛ ነበር። «አሮጌ ነው» የተባለ ሥዕል ሲመረመርም ጥያቄው የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በመሆኑ በባሕር ዛፍ ሳንቃ ላይ የተሣለ «የፋሲል ዘመን» ሥዕል ክርክር አያሻውም።

ሥዕሉ አንድ መሐለኛ ሳንቃና ግራ ቀኝ የሚዘጉ ሁለት መዝጊያዎች አሉት። መሐለኛው ጠርዙ ሳይነካ ውስጡ ስለሚጠረብ ክፈፉ የሚወጣው ከራሱ ከእንጨቱ ነው። መዝጊያዎቹን የሚይዛቸው ጠርዝ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች የሚያልፍ ገመድ ነው። እዚህ ላይ ዐይን ማዋል ያዋጣል፦ ገመዱ ለብዙ ዘመን ሲሳብ ቀዳዳውን ወደ አንድ ጎን ይበላዋል፤ ትናንት የተበሳው ግን ፍጹም ክብ ነው። ጭስና ቡና ቀብቶ ማጥቆር ቀላል ነው፤ ቀዳዳን በልክ ማስረጀት ግን ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲያ ፊቱ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የእመቤታችንን ሥዕል ማክበርን አስፋፉ፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮንም የዚያው ዘመን ሰው ነው። እመቤታችን እጆቿን አነባብራ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታ መሐረብ ይዛ ከታየች ግን ምንጩ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ነው። የእሱ ቅጂ በኢየሱሳውያን በኩል የደረሰን ከዘርዐ ያዕቆብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ይህን አሣሣል የያዘውን ሥዕል «የዘርዐ ያዕቆብ ዘመን» የሚል ሻጭ አይታመንም። ሰማያዊውም ይመሰክራል፤ በፋብሪካ የሚሠራው አልትራማሪን የተገኘው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እርግጥ አሮጌ ሥዕል በኋላ ሊታደስ ስለሚችል በቀለም ብቻ መፍረድ ችኮላ ነው።

ለማነጻጸር ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስብስብ አለ፤ የኢትዮጵያ ሥዕል ተመራማሪው ሆይናትስኪም ዝርዝሩን በ2000 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመውታል። ሥዕሉ አሮጌ ሆኖ ከተገኘስ? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አዲስ የተሣለ የቱሪስት ሥዕል የገዛ መንገደኛም ቅርስ አለመሆኑን የሚያስረዳ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን ያወጣል።