ጭምብላችንን ቤት ስንገባ እናውልቅ

ልጅዎ ነጠላ ትከሻው ላይ አስሮ ከሶፋ ላይ ሲዘል አይተውት ያውቃሉ? ምናልባት «ትወድቃለህ!» ብለው ተቆጥተውት ይሆናል። ግን እስቲ ቆም ብለው ያስቡ፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ራሱን የሚያየው እንደ ማን ነው? እኛ ትልልቆቹስ ሱፐርማንን ወይም ስፓይደርማንን ስንመለከት ልባችን አብሯቸው የሚሮጠው ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ጉልበታቸው የሚስበን ይመስለናል። ነገር ግን ከመካከላችን የሚበር ማን አለ? እኛን የሚመስለው በሰማይ የሚበረው ሱፐርማን ሳይሆን ባለ መነጽሩና ዓይን አፋሩ ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንት ነው። ስፓይደርማንም ጭምብሉ ሲወልቅ አጎቱና አክስቱ ያሳደጉት ወላጅ አልባ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ፣ ማስቆም እየቻለ ያሳለፈው ሌባ አጎቱን ገደለበት። ከዚያ በኋላ ጸጸቱ አልለቀቀውም። ጸጸትን የማያውቅ ማን አለ?

የሱፐርማን ደራሲዎችም ኃያላን አልነበሩም። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ የተማሩ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። የጄሪ አባት እ.ኤ.አ. በ1932 ሱቃቸው ውስጥ ዝርፊያ በተፈጸመበት ምሽት ሞቱ። በ1938 ደግሞ ሱፐርማን ታትሞ ወጣ። ወጣቶቹ የባለቤትነት መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ብቻ ነበር። አባቱን ያጣ ልጅ ጥይት የማይበሳው ጀግና ቢያልም ይፈረድበታል?

ወገኖቼ፣ ይህ የታዳጊ ናፍቆት በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነው። ቃሉም ይህን ያውቃል። ጌዴዎን ከምድያማውያን ተሸሽጎ ስንዴ ሲወቃ ሳለ መልአኩ ጽኑዕ ኃያል ብሎ ጠራው (መሳ. 6)። ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ክላርክ ኬንት ደካማ የሚመስለው አስመስሎ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ግን ሥጋችንን የለበሰው ለማስመሰል አይደለም። በእውነት ተራበ፣ በእውነት አለቀሰ፣ በእውነት ስለ እኛ ሞተ፤ በሦስተኛውም ቀን ተነሣ። የታዳጊ ናፍቆታችን መልስ እርሱ ነው።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ እኛስ? እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እንዴት ናችሁ?» ስንባል «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን» እንላለን። በመኪና ውስጥ ግን አልተነጋገርንም። ባል የሥራው ነገር እያስጨነቀው፣ ሚስቱ እንዳትሰጋ ብሎ ይደብቃታል። ሚስትም ድካሟን ዋጥ አድርጋ ትስቃለች። ሁለቱም የሚደብቁት ስለሚዋደዱ ነው። ነገር ግን በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ጭምብሎች ይተኛሉ።

በመጽሔቱ ታሪክ ሱፐርማን እንኳ ማንነቱን ለሎይስ ሌን የገለጠላት ከሠርጋቸው በፊት ነው፤ ሠርጉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። ደራሲዎቹ በድብቅ ማንነት ላይ ትዳር እንደማይቆም የተረዱ ይመስላል። ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋውን መውጊያ አልሸሸገም፤ ይልቁንም የክርስቶስ ኃይል የሚያድርበት ስፍራ ድካሙ መሆኑን መሰከረ (2ቆሮ. 12)።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ያድርጉ። ልጅዎን «ከጀግኖቹ ማንን ትወዳለህ? ለምን?» ብለው ይጠይቁት፤ ሳይቆጡም ያድምጡት። ምናልባት በትምህርት ቤት የሚያስፈራራው ልጅ መኖሩን የሚሰሙት በዚያን ጊዜ ይሆናል። ልጆች ከተኙ በኋላ ደግሞ ለትዳር ጓደኛዎ አንድ የደበቁትን ፍርሃት ይንገሩ። የሚሰማው ወገን ምክር ለመስጠት አይቸኩል፤ በመጀመሪያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

ቤታችን ታዳጊ አለው፤ እኛ ታዳጊ መሆን አይጠበቅብንም። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!