ሁፕስ ዳይነስቲ፦ ደቂቃ የሚሸነሸንበት ቅርጫት ኳስ

ሁፕስ ዳይነስቲን የሚጫወት ሰው ኳስ አያነጥርም፣ ወደ ቅርጫትም አይወረውርም። ጆይስቲክ አያስፈልገውም፤ ስክሪኑ ላይ የሚሮጥ ምስልም አያይም። የሚያየው ሰንጠረዥ ነው፤ የስም ዝርዝርና ከየስሙ አጠገብ የተደረደሩ ቁጥሮች። በኢንተርኔት በሚካሄደው በዚህ ጨዋታ የአንድ አሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ይሆናል፤ ልጆች ይመለምላል፣ ያሠለጥናል፣ አሰላለፍ ያወጣል። ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ አስልቶ ውጤቱን ያሳውቀዋል። ጨዋታው የዋትኢፍስፖርትስ ሥራ ነው። የሲንሲናቲውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ፎክስ ገዝቶት ነበር።

ብዙውን ሰው የሚስበው ምልመላው ነው። ለእኔ ግን አሰልጣኝ ከአሰልጣኝ የሚለየው በልምምድ ገጹ ላይ ነው። እዚያ የሚታደለው ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው ደግሞ ለሁሉም አይበቃም።

በአንድ በኩል የቡድን ልምምድ አለ። ማጥቃቱ ሞሽን፣ ፍሌክስ፣ ትራያንግልና ፋስት ብሬክ የሚባሉ አራት ስልቶች አሉት። መከላከሉ ሦስት ነው፤ ሰው ለሰው፣ ዞንና ሙሉ ሜዳ የሚጨቁነው ፕሬስ። የረቀቀው ነገር የስልት እውቀት ለቡድኑ በጅምላ የሚመዘገብ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ለእያንዳንዱ ስልት እንደ ትምህርት ቤት ከኤ እስከ ኤፍ የራሱ ውጤት አለው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዞን ተምሮ የመጣ ልጅ በፕሬስ ቡድን ውስጥ ሲገባ ግራ ይጋባል። ኮሌጅ በመሆኑ ደግሞ ፕሬሱን ጠንቅቀው ያወቁት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በምርቃት ይሄዳሉ፤ እውቀታቸውም አብሮ ይሄዳል። የቡድን ልምምድ ተጠናቀቀ የሚባልበት ዓመት የለም።

ሁለት መከላከያ ላሠልጥን የሚል አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአጉል ደረጃ ይዞ ይቀራል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አንዱን ስልት የመረጠ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ልጆቹ ወደ ኤ ሲጠጉ ተጨማሪው ደቂቃ የሚያመጣው ለውጥ እያነሰ ይሄዳል። ጨርሶ ቢያቆም ያስረሳቸዋል፤ እንደ መጀመሪያው ቢቀጥል ያባክናል። ብልሁ ለመጠበቂያ የሚበቃውን ትቶ የቀረውን ወደ ግል ልምምድ ያዞራል።

በግል ልምምድ ሪባውንድ፣ ብሎክ፣ ከቅርጫቱ ሥር መጫወት፣ ከርቀት መወርወር፣ ኳስ አያያዝና ማቀበል ለየብቻ ደቂቃ ይሰጣቸዋል። አንድ ረጅም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ተመዝግቧል እንበል። ሪባውንዱ ከመቶ 45፣ የርቀት ውርወራው 6 ነው። ጀማሪ አሰልጣኝ ያቺን 6 አይቶ ይደነግጥና ደቂቃውን እዚያ ያፈሳል። ማየት የነበረበት ግን ቁጥሩ የተጻፈበትን ቀለም ነው። 45ቱ በሰማያዊ ከተጻፈ ልጁ በሪባውንድ ገና ብዙ ያድጋል፤ 6ቱ በቀይ ከተጻፈ ጣሪያው እዚያው አጠገቡ ነው። ቀዩ ላይ የፈሰሰ ደቂቃ ብዙም አያፈራም፤ ቢያፈራስ ከቅርጫት ሥር ለሚቆም ልጅ ምን ይረባዋል? ከዚህ ሌላ የትጋት ነጥብ አለ። ትጉውና ሰነፉ እኩል ደቂቃ ቢሰጣቸውም እኩል አያድጉም። በግጥሚያ ላይ መሰለፍም እድገቱን ስለሚያግዝ፣ ዛሬ ለማሸነፍ የሚሰለፈውና ለከርሞ መብሰል ያለበት ልጅ በዚያም በኩል ይሻማሉ።

ደቂቃ የሚሻማ ሦስተኛም አለ፤ ጥናት። አማካይ የትምህርት ውጤቱ (ጂፒኤው) የሚያሰጋ ልጅ የጥናት ደቂቃ ካልተመደበለት ከጨዋታ ሊታገድ ይችላል። ምርጥ ወርዋሪን በሒሳብ ወይም በታሪክ ትምህርት ምክንያት ማጣት የሚያናድድ ቢሆንም፣ የጨዋታው ፈጣሪዎች ይህን በማስገባታቸው አደንቃቸዋለሁ። ኮሌጅ መሆኑን አልረሱትም።

እውነተኛው የኮሌጅ አሰልጣኝም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በውድድር ወቅት የግዴታ ልምምድን በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት ላይ ገድቦታል፤ በሳምንት አንድ ቀንም ዕረፍት መሆን አለበት። የግጥሚያ ቀን ምንም ያህል ቢረዝም እንደ 3 ሰዓት ይቆጠራል። ሁለት ግጥሚያ ባለበት ሳምንት እንግዲህ የሚተርፈው 14 ሰዓት ነው፤ ክብደት ማንሳቱም፣ የተቃራኒ ቡድን ፊልም ማየቱም ከዚያው ይቀነሳል። ጥናት ግን ከ20ው ሰዓት ውስጥ አይገባም። በዚህ በዚህ ኮምፒውተሩ ከሕጉ ይልቅ ጨካኝ ነው።

ደቂቃን በመሸንሸን ስሙ የሚነሳው የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጆን ዉደን እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮና ወስዷል። ልምምዱን በየደቂቃው አቅዶ በካርድ ላይ ጽፎ ይገባ ነበር። በመጨረሻው የውድድር ዓመት ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን ልምምዱን ቁጭ ብለው ተከታትለው 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን መዘገቡ። ከእነዚህ ሦስት አራተኛ ያህሉ ምን መደረግ እንዳለበትና እንዴት እንደሚደረግ የሚናገሩ ነበሩ፤ ሙገሳና ቁጣ ጥቂት ነበር። ይህን በቁጥር ማስላት ሁፕስ ዳይነስቲ አይችልም። ለእሱ 20 ደቂቃ ማንም ቢሰጠው 20 ደቂቃ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ይመስለኛል።

መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ከታችኛው ዲቪዥን፣ ከዲቪዥን 3፣ እንደሚጀምርና ክፍያው በየወቅቱ እንደሆነ ይወቅ። ቡድኑን እንደተረከቡ ውድድሩን ለማሸነፍ አይቸኩሉ። አንድ ማጥቂያና አንድ መከላከያ ይምረጡ፤ ከዚያ ቀለሞቹን ይመልከቱና ሰማያዊ በሰማያዊ የሆነውን የመጀመሪያ ዓመት ልጅ፣ ዘንድሮ ተቀያሪ ቢሆንም እንኳ፣ ደቂቃ አይንፈጉት።