ከአሸዋ ድንጋይ ስለሚፈልቅ ውሃ

የአሸዋ ድንጋይ ለዐይን ድፍን ቢመስልም በውስጡ እጅግ ብዙ ረቂቅ ክፍተቶች አሉበት። እነዚህም የሚገኙት በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው፥ ወንዝ፥ ባሕር ወይም ነፋስ አሸዋውን ሲከምረው በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ስፍራ ነው። እኩል የሆኑ ድቡልቡል ቅንጣቶች እጅግ ተጠጋግተው ቢደረደሩ እንኳ ከመቶው 26 እጅ ያህሉ ባዶ ይሆናል። መምህራን ደረቅ አሸዋ በሞላው ብርጭቆ ላይ ውሃ ቀስ አድርገው ቢያፈሱ ይህንኑ ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት ይችላሉ። ከጊዜ በኋላ ግን የላይኛው ምድር ክብደት ይጫነዋል፤ ኖራና ሸክላም ገብቶ ያጣብቀዋል፤ ክፍተቱም ይጠብባል።

ሁለተኛው፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ውሃ ማጣበቂያውን ሲያሟሟው፥ ድንጋዩም ሲሰነጠቅ የሚፈጠረው ነው። በትግራይ የሚገኘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ውሃ የሚያሳልፈው በተለይ በስንጥቁ ነው።

እንግዲህ ጠባቡ ክፍተት ጭቃውን ስለሚያስቀር ምንጩ ጠርቶ ይፈልቃል። ነገር ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። አብዛኛው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ስለሆነ በስንጥቁ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ከምንጭና ከጉድጓድ በታች በኩል፥ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሠራ፤ ድንጋዩ በተሰነጠቀበት ስፍራም ከዚህ አብልጦ ይራቅ። የሚጠጣውም ውሃ አስቀድሞ ይፍላ።