በሽታውን የሚደብቅ ሰው ለምን ይደብቃል?

(በራዲዮ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

በራዲዮ የሰማችሁትን አሁን ደግሞ በዓይናችሁ ተከታተሉት። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ያስቸገራችሁን ቃል ጮክ ብላችሁ ድገሙት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በሽተኛው ለምን ደበቀ? አፍሮ ነው? ፈርቶ ነው? ወይስ ከዚህ በፊት ተናግሮ የሚሰማው አጥቶ ነው? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ካናዳ እንወስዳችኋለን። በዚያ በነባር ሕዝቦች መንደር የሚሠራ የቤተሰብ ሐኪም ሥራው ምን እንደሚመስል እንነግራችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነባር ሕዝቦች እነማን ናቸው?

ነባር ሕዝቦች የምንላቸው አውሮፓውያን ወደ ካናዳ ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦችና ዘሮቻቸው ናቸው። ሦስት ወገን ናቸው፤ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲ ይባላሉ። በ2021 በተደረገው ቆጠራ ቁጥራቸው 1.8 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይህም ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አምስቱ ማለት ነው። ቋንቋቸው ብዙ ነው። ባህላቸውም እንደዚያው።

ከእነርሱ ብዙዎቹ በከተማ ይኖራሉ። ሌሎቹ ግን በጣም ሩቅ በሆኑ መንደሮች ይኖራሉ። ወደ አንዳንዱ መንደር የመኪና መንገድ የለም። የሚገባው በአውሮፕላን ነው። በመንደሩ ጤና ጣቢያ ነርሶች ይሠራሉ። ሐኪሙ ግን በየጊዜው በአውሮፕላን እየመጣ ጥቂት ቀን ተቀምጦ ይመለሳል።

የቤተሰብ ሐኪም ማለት ዓይን ብቻ ወይም ልብ ብቻ የሚያክም አይደለም። ሕፃኑንም፣ እናቱንም፣ አያቱንም የሚያይ ሐኪም ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ማወቅ አለበት። ቤተሰቡም እርሱን ማመን አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እምነት ለምን ጠፋ?

ያለ ምክንያት አልጠፋም። ታሪክ አለው።

በካናዳ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠሉ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይወሰዱ ነበር። ከ150,000 በላይ ልጆች ተወስደዋል። በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። የተገረፉ አሉ። በበሽታ ያለቁም ብዙ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። በ2008 የካናዳ መንግሥት በምክር ቤት ይቅርታ ጠየቀ።

ሐኪም ቤትም ቢሆን ነፃ አልነበረም። በ1950ዎቹ የሳንባ ነቀርሳ በሰሜን በሚኖሩት ኢኑይት ላይ በርትቶ ነበር። መንግሥት መርከብ ላከ። በመርከቡ ላይ የራጅ መሣሪያ ነበር። ሰው ሁሉ ይመረመራል። የታመመ የተገኘ ወደ ደቡብ ይወሰዳል። ብዙዎቹ ለቤተሰብ ደኅና ሁኑ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኙም። በሩቅ ከተማ፣ ቋንቋቸውን በማይሰማ ሰው መካከል፣ ወራትና ዓመታት ተኙ። የዳኑ ተመለሱ። የሞቱት ግን በዚያው ተቀበሩ። መቃብራቸው የት እንደሆነ ያልተነገረው ቤተሰብ ብዙ ነው። በ2019 የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቃሉይት ወደምትባል ከተማ ሄደው ስለዚህ በደል ይቅርታ ጠየቁ። መቃብር የመፈለጉ ሥራም «ናኒላቩት» የሚል ስም ተሰጠው። በኢኑይት ቋንቋ «እንፈልጋቸው» ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። እናቷ በሐኪም ትእዛዝ ተወስዳ ያልተመለሰችባት ልጅ ዛሬ አሮጊት ናት። ሐኪሙ «ወደ ከተማ ሄደው ይታከሙ» ሲላት ምን ትሰማለች? ቃሉ አንድ ነው፤ የሚሰማው ግን ሌላ ነው።

34 ሰዓት

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2008 ብራያን ሲንክሌር የሚባል የ45 ዓመት ሰው በዊኒፔግ ከተማ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መጣ። ከነባር ሕዝቦች ወገን ነው። ሁለት እግሩ የተቆረጠ ስለሆነ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚሄደው። ሽንት አልወጣ ብሎት፣ ከክሊኒክ ደብዳቤ ተጽፎለት ነው የመጣው። ሕመሙ የሚታከም የፊኛ ልክፈት ነበር።

34 ሰዓት ጠበቀ። ያየው ሐኪም የለም። አስታወከ። ሌሎች ሰዎች «ይህ ሰው አሞታል» ብለው ተናገሩ። በመጨረሻ ሲታይ ሞቶ ተገኘ።

ለምን? በኋላ በተደረገው ምርመራ ነገሩ ተገለጠ። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሰክሯል ብለው ገምተው ነበር። ሌሎቹም ቤት የሌለው፣ ከብርድ የተጠለለ ሰው መስሏቸው ነበር። የጠየቀው ግን አልነበረም።

በዚያ ክፍል መድኃኒት አልጠፋም። ሐኪምም አልጠፋም። የጠፋው «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ሰው ነው። እኚህ ሰው በሽታቸውን አልደበቁም። ይዘውት መጥተው ነበር።

የባህል ደኅንነት ምንድን ነው?

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካሰቡት ሰዎች አንዷ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ናቸው። እኚህ ሴት በኒው ዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ተወላጅና ነርስ ነበሩ። በ2003 ዐርፈዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ «የባህል ደኅንነት» የሚለውን ሐሳብ አስተማሩ። ከ1992 ጀምሮም ሐሳቡ በአገራቸው በነርሶች ትምህርት ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ አውስትራሊያና ወደ ካናዳ ተዛመተ።

ሐሳቡ ይህ ነው። ሐኪም መርፌውን ያጸዳል፤ በሽተኛው እንዳይመረዝ። እንደዚሁም ሐኪም ንግግሩንና ግምቱን ማጽዳት አለበት፤ በሽተኛው እንዳይዋረድ። የተዋረደ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ካልመጣ ደግሞ አይድንም።

ታዲያ ደኅንነቱ መጠበቁን የሚመሰክረው ማነው? ሐኪሙ አይደለም። በሽተኛው ነው። ሐኪሙ «እኔ ሁሉንም ሰው አከብራለሁ» ቢል አይበቃም። ልክ ወጥ ያበሰለች ሴት «ጨው በቅቶታል» ብትልም፣ ፍርዱ የሚቀምሰው ሰው እንደሆነ ማለት ነው።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

እንግዲህ በእንዲህ ያለ መንደር የሚሠራ ጥሩ ሐኪም ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንይ።

አንደኛ፣ ያዳምጣል። አንዲት ባልቴት ወደ ክፍሉ ገቡ እንበል። የስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪሙ ወዲያው «መድኃኒቱን ለምን አልወሰዱም?» ብሎ አይቆጣም። ስሙን ይናገራል፤ ከየት እንደመጣም ይናገራል። ስለ ቤተሰባቸው ይጠይቃል። ዝም ካሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ለምን ቢባል፣ በብዙ ሰው ዘንድ ዝምታ እያሰቡ መሆን እንጂ እንቢታ አይደለም። ቋንቋ ካልተግባቡ አስተርጓሚ ይጠራል። የልጅ ልጃቸውን አስተርጓሚ አያደርግም፤ አያት በልጅ ፊት የማይናገሩት ነገር አለና።

ሁለተኛ፣ ኑሮውን ያውቃል። «ውኃ በብዛት ይጠጡ» ማለት ቀላል ነው። ኔስካንታጋ በምትባል የነባር ሕዝቦች መንደር ግን ከ1995 ጀምሮ ከ25 ዓመት በላይ የቧንቧው ውኃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ተከልክሎ ቆይቷል። «አትክልት ይብሉ» ማለትም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በሩቅ ሰሜን አትክልት በአውሮፕላን ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ብልህ ሐኪም ሰዎቹ ከጥንት ጀምሮ የሚበሉትን ዓሣና ካሪቡ የሚባለውን የአጋዘን ሥጋ ያበረታታል። እነዚህ ጥሩ ምግቦች ናቸው።

ሦስተኛ፣ የአገሩን ፈዋሽ አይንቅም። በብዙ የፈርስት ኔሽንስ ሕዝቦች ዘንድ ሽማግሌዎች ይጸልያሉ፤ ጥሩ ሽታ ያለው ቅጠል ያጤሳሉ። እኛ ዕጣን እንደምናጤስ ማለት ነው። ጭሱ ለበሽተኛው መንፈስ ሰላም ይሰጣል ይባላል። በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በሱ ሉክአውት ከተማ ያለው ሜኖ ያ ዊን ሆስፒታል ለዚህ ሥርዓት ቦታ አለው። አስተርጓሚም አለው። የአገሩን ምግብም ያቀርባል።

አራተኛ፣ ሥልጣን ያካፍላል። እርጉዝ ሴቶች ለመውለድ ወደ ሩቅ ከተማ መላካቸው የተለመደ ነበር። ሴትየዋ ሳምንታት ብቻዋን ትቆያለች። እናቷ የለች፣ ባሏ የለ፣ ሌሎቹ ልጆቿ ቤት ቀርተዋል። በኩቤክ ሰሜን በፑቪርኒቱክ መንደር ያሉ ኢኑይት ግን ይህንን አልቀበልም አሉ። በ1986 የራሳቸውን የማዋለጃ ቤት ከፈቱ። የመንደሩን ሴቶች አዋላጅነት አሠለጠኑ። ሐኪሞቹም አብረው ሠሩ። አስጊ የሆነው ብቻ ወደ ከተማ ይላካል። ዛሬ ሕፃኑ ሲወለድ በመጀመሪያ የሚሰማው የአያቱን ቋንቋ ነው።

ሁለት ስሕተቶች

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታባችሁ።

አንዱ፣ ባህል ማክበር ማለት ሕክምናን መተው አይደለም። ልክፈት መድኃኒት ይፈልጋል። የተሰበረ አጥንት መጠገን አለበት። ሐኪሙ የሚያውቀውን ሁሉ በግልጽ ይናገራል። ውሳኔው ግን የበሽተኛው ነው።

ሌላው፣ የባህል ደኅንነት ማለት የሰዎቹን ልማድ በቃል መሸምደድ አይደለም። «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ማለት ራሱ ግምት ነው። ብራያን ሲንክሌርን የገደለው ግምት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የራሱን ልብ ነው። «እኔ ስለዚህ ሰው ምን ገመትኩ? ግምቱን ከየት አመጣሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

መደምደሚያ

ውድ አንባቢዎች፣ እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ተረት እንመለስ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ግን በሽታን ከመደበቅ የሚያወጣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሚሰማ ጆሮ ነው። ሐኪም ይህንን ይማር። በሽተኛም ይጠይቅ። ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ፊደል ከመቁጠር ጋር አብሮ የሚመጣው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፤ መጠየቅ መቻል።

በደኅና ሰንብቱ።

ተወያዩበት

1. ባልቴቷ በልጅ ልጃቸው ፊት የማይናገሩት ነገር ምን ሊሆን ይችላል?

2. ብራያን ሲንክሌር እንዳይሞት በዚያ ክፍል የነበረ ሰው ምን ማድረግ ይችል ነበር?

3. እናንተስ ሐኪም ፊት ቀርባችሁ፣ ያልገባችሁን ሳትጠይቁ የወጣችሁበት ቀን አለ? ለምን ዝም አላችሁ? ሦስት መስመር ጻፉ።